ከመጠን ያለፈ ረሃብ ምን እየነገረን ነው?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በመጀመሪያ ይህን ዕድል የሰጠኝን የማኅበሩን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ሕክምና ላልተማረውም የሚጠቅም፣ የማያስተኛ ነገር አዘጋጅ» ነበር ያለኝ። የምናገረው ከምሳ በኋላ መሆኑን ግን አልነገረኝም። እንግዲህ ከጠገበ ሕዝብ ፊት ቆሜ ስለ ረሃብ ላወራ ነው፤ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

የማወራው እህል ጠፍቶ ስለሚመጣው ረሃብ አይደለም። እርሱን የእኔ ዕድሜ እኩዮች በ1977 ዓ.ም. ልጆች ሆነን አይተነዋል፤ ማስረጃ አያስፈልገንም። የማወራው ስለ ሌላኛው ነው፤ በልተው ስለማይጠግቡት፣ ከማዕድ ተነሥተው ገና እጅ ሳይታጠቡ ስለሚመለሰው ረሃብ። በሕክምና ቋንቋ ፖሊፋጂያ ይባላል። በእኛ ቋንቋ ግን ለበሽታው ስም የለንም። ስም ያወጣነው ለሰውየው ነው፤ «ሆዳም» እንለዋለን።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፤ ልክ ያጣ ረሃብ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን ሰውነት የሚልከው መልእክት ሊሆን ይችላል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት እዚሁ ግቢ፣ ዶርም ውስጥ፣ በራሴ ጥፋት ነው።

በ1988 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን፣ በሦስት ተደራራቢ አልጋ። የተመደብነው በትምህርት ክፍል ሳይሆን በስም ፊደል ተራ ስለነበር ከሕክምና እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ተባልኩ። ገና የሬሳ ሽታ ከእጄ ሳይለቅ የዶርሙ ሐኪም ሆንኩ።

ከስድስታችን አንዱ የገጠር ቄስ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ተጠቅልለን ስንተኛ እርሱ ዳዊቱን ይደግማል። በዚህ የተነሣ «ደጋሚው» አልነው። ስሙን ስናወጣለት በአክብሮት ነበር። (ስሙን እንዳነሣ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።)

ኅዳር ላይ ደጋሚው ሌላ ነገር መድገም ጀመረ፤ ካፌ። ካርዱ ከተበሳ በኋላ ምሳ የማይበላ ተማሪ ካርድ ይዋሳል፤ ከምግብ ቤት እናቶች ጋር ተግባብቶ ሽሮ ያስጨምራል። ጠዋት ዳቦ የማይወድ ካለ የእርሱን ጠረጴዛ ይፈልጋል። እኛም ሳቅን። ስሙ ያው ሆኖ ትርጉሙ ተለወጠ። «ደጋሚው መጣ፣ ትሪህን ያዝ!» ይባል ጀመር። እርሱም አብሮን ይስቃል። ምን ያድርግ?

ከዚያ ውሃው መጣ። አምስት ሊትር የምትይዘውን ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ አልጋው ሥር ያስቀምጣል፤ ሲነጋ ባዶ ናት። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይወርዳል። የተኛው ከላይኛው አልጋ ላይ፣ ከእኔ በላይ ነበርና በወጣ በወረደ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ አንተ ከታች ተኛ፣ እኔ ወደ ላይ ልውጣ» አልኩት። በደግነቴም ኮራሁ።

ጥር ላይ ሱሪው አልይዝ አለው። ቀበቶውን ሰጠኝና በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ቀዳዳ በሳሁ። ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው የሁለት ሰው ምግብ ይበላል፣ ቀበቶው ደግሞ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ምስማሩን የያዘው የሕክምና ተማሪ ነው!

«ዶክተር፣ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በሙሉ ልብ «ትል ነው» አልኩት። ጥሬ ሥጋ በልተህ ታውቃለህ? አዎ፣ ለፋሲካ። በቃ፣ ኮሶ ነው። ከመድኃኒት ቤት የኮሶ ትል መድኃኒት ገዝቶ ወሰደ። ረሃቡ ግን አልቀረም።

የካቲት ላይ፣ በፈተና ሰሞን፣ አንድ ቀን ማስመለስ ጀመረው። ሆዴን ቆረጠኝ አለ። በማግሥቱ ጠዋት ዳዊት የሚደግም ድምፅ አልነበረም። ስንቀሰቅሰው አይኑን ገልጦ ይከድናል፤ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ዳገት እንደሮጠ ሰው። አፉ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። አንደኛው ጓደኛችን «ጠጥቶ ነው እንዴ?» አለ። ጠጥቶ የማያውቅ ልጅ! በጋቢ ጠቅልለን ተሸክመነው ወጣን።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ነበረች። እርሱን እየመረመረች እኛን ትጠይቃለች። «ምግብ ይበላ ነበር?» «ኧረ በጣም!» «ውሃስ?» «በጀሪካን!» «ሌሊት ለሽንት ይነሣል?» «አራት አምስት ጊዜ።» «ክብደቱስ?» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የቀበቶውን ነገር ነገርኳት። ቀና ብላ አየችንና፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ «ታዲያ ሁሉንም ታውቁ ነበር እኮ» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ብዙ ፕሮፌሰር ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የቀረብኝ ቁጣ የለም። የደሙ ስኳር ከ500 በላይ ነበር። በሽታው የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ነበር፣ ደሙ በአሲድ ተበክሎ። ሌላ አንድ ቀን ብናዘገየው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በሌላ ድምፅ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከድንቹ የሚገኘው ስኳር በደም ይጓዛል። ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት በሚገባ እንዲገባ ግን ኢንሱሊን የተባለው የቆሽት ሆርሞን በር መክፈት አለበት። በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን አምራቾቹን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ደጃፉ ላይ እህል ተከምሮ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ይራባል።

በደም ውስጥ የተከማቸው ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ በሽንት ይወጣል፣ ሲወጣም ውሃ ይጎትታል። ጀሪካኗና የሌሊቱ መመላለስ ይኸው ነው። ሰውነት በበኩሉ ስቡንና ጡንቻውን ማንደድ ይጀምራል። ቀበቶው ይኸው ነው። ስብ ሲነድ ኬቶን የሚባል አሲድ ይተርፋል። የትንፋሹ ሽታና ዳገት የሮጠ የሚመስለው አተነፋፈስም ይኸው ነው።

ረሃቡስ? እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ተገኘ። ከስብ ይመነጫል፤ ለአእምሮ «ስንቅ አለን፣ አትጨነቅ» ብሎ ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ግሬሊን ተገኘ፤ በአብዛኛው ከጨጓራ ይመነጫል፣ መልእክቱም «ብላ» ነው። ኢንሱሊንም ራሱ የጥጋብ መልእክተኛ ነው። ስቡ ሲያልቅ፣ ኢንሱሊኑ ሲጠፋ፣ አእምሮ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስንቅ አልቋል፣ ብላ! ደጋሚው ሁለተኛ ትሪ ይዞ ሲሰለፍ እየታዘዘ ነበር እንጂ እየተስገበገበ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ የታሪክ ክፍል ሰዎች እንዳይቀየሙኝ። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት የዚህ በሽታ ሕክምና ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ማስራብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ አለን ያስፋፋው ሕክምና የሕፃናቱን ምግብ እጅግ በመቀነስ ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ያቆያቸው ነበር። የተራበ በሽተኛ ይበልጥ ይራባል፤ በር ተቆልፎበት ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ሆስፒታል ሲገባ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ከዚያ መርፌ በኋላ ነው የተራበ ልጅ እንዲበላ የተፈቀደለት።

ወደ አገራችን እንመለስ። ይህ በሽታ በእኛ ዘንድ የሚደበቅበት ልዩ መንገድ አለ። ረሃብ በለመደበት አገር የበሽታ ረሃብ አይታይም። ድሃ ልጅ ሁለት ትሪ ሲበላ «ቤቱ ጠግቦ አያውቅም» እንላለን፤ እኛም ስለ ደጋሚው እንዲያ ብለን ነበር። የሀብታም ልጅ ሁለት ትሪ ሲበላ «ተሞላቅቆ ነው» እንላለን። ሕፃን ብዙ ሲበላ ደግሞ «እሰይ፣ ጎበዝ!» እንላለን። ለሁሉም መልስ ስላለን ማንንም አንጠይቅም።

ለአሁኖቹ መምህራንም አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም መኖሩን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እንደገና ዕውቅና ሰጠው። የጓደኛዬ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ነገር ግን ቀጭን ሆኖ፣ በልጅነቱ ተርቦ አድጎ ስኳር የታመመ ወጣት በየሆስፒታሎቻችን አለ። ይህን ጥያቄ ከእኛ የተሻለ ለመመርመር ማን ቅርብ ነው?

ነገር ግን የረሃብ ሁሉ ምክንያት ስኳር አይደለም። ሕክምና ያልተማራችሁ እንድትይዙት አንድ ቀላል መለያ ልስጣችሁ። ሰው ረሃቡ ሲጨምር ክብደቱን ተመልከቱ።

እየበላ ከከሳ፣ ሁለት ነገር ቶሎ ይታሰብ። አንደኛው የነገርኳችሁ የስኳር ሕመም ነው። ሁለተኛው የታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ፣ ከልክ በላይ ሲሠራ ነው። እሳቱ በዝቶ እንጨት የሚበላ ምድጃ በሉት። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ሲበርደው እርሱን ይሞቀዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ሆድ ይላላል። ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። የደም ምርመራ ይለየዋል፤ መድኃኒትም አለው። ትልስ? የኮሶ ትል አንዳንድ ሰው ላይ የምግብ ፍላጎትን ሊለውጥ ይችላል፤ በሰገራ ቁራጩ ከታየ ይታከም። ግን ትል ብለን ሌላውን በር አንዝጋ። እኔ እንዳደረግኩት አታድርጉ።

እየበላ ከወፈረ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደውን መድኃኒት ጠይቁ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ የሚታዘዙት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ስቴሮይዶች ረሃብ ይቀሰቅሳሉ። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኦላንዛፒን፣ እንዲሁ ናቸው። ለመወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ኪኒን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ማሳሰቢያ፦ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥም፤ ድንገት ማቋረጥ ሕይወት ያሳጣል። የአእምሮ መድኃኒትም ቢሆን ከሐኪም ጋር ተመክሮ ይለወጣል እንጂ አይጣልም።

እንቅልፍ ማጣትም ግሬሊንን ከፍ፣ ሌፕቲንን ዝቅ ያደርጋል። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ስናጠና ሆዳችን የሚጮኸው ለዚህም ነው። ሐዘንና ጭንቀትም አለ። ተደብቆ፣ በፍጥነት፣ እስኪያም ድረስ በልቶ በኋላ በራሱ የሚያፍር ሰው ካያችሁ፣ ይህም ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያው ውስጥ ለብቻው አስፍሮታል። ከስንት አንድ ደግሞ ከዘር ቅንጣት ጉድለት የሚመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 የተገለጸው ፕራደር ዊሊ የተባለው ሕመም ያለበት ሕፃን መጀመሪያ መጥባት ያቅተዋል፤ ጥቂት ዓመት ሲሞላው ግን ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቅም። ወላጆቹ የምግብ ቁም ሳጥን ቢቆልፉ ጭካኔ አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የሚያድግ ጎረምሳ፣ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ከሕመም ያገገመ ሰው ቢራብ ደግሞ ይብላ! ሁሉን በሽታ አናድርገው።

አንድ ሦስተኛ ዓይነት ቀረኝ፤ እርሱን ለመናገር ሁለተኛውን ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ። ከተመረቅኩ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። አሁን እውነተኛ ዶክተር ነኝ፤ ደጋሚውንም ያልረሳሁ ነኝ ብዬ አስባለሁ። አንዲት እናት ለስኳራቸው ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ኪኒን አዝዤላቸው ይከታተሉኛል። አንድ ቀን ሲመጡ ክብደታቸው ጨምሯል። «እማማ፣ ምግቡን አልቀነሱም ማለት ነው?» አልኳቸው፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ። አንገታቸውን ደፉ። ቀጥለው «ዶክተር ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ከሰዓት ላይና ሌሊት ይርበኛል፤ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ተደብቄ እበላለሁ» አሉኝ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ኪኒኑን ጠዋት ይውጣሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን እህል አይቀምሱም። ኪኒኑ ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን ያስወጣል፣ በሆድ ውስጥ ግን ምንም የለም፤ ስኳራቸው ይወርዳል። ማታም መጠኑ ለዕድሜያቸው በዝቶ ነበር። ረሃባቸው ልክ ነበር፤ ሕይወታቸውን እያዳነ ነበር። ያጠፋሁት እኔ፣ የተቆጣሁትም እኔ! «ይጾማሉ?» የምትል አንዲት ቃል መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ለስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲርበው፣ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲደናገር፣ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከሌለም አትጠብቁ። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙ፤ ሲሻለው እህል ይቅመስ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ይታፈናል። ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ጾም የሚጾም ክርስቲያን፣ ረመዳን የሚይዝ ሙስሊም፣ የስኳር መድኃኒት ካለው ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ያማክር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መላ አላቸው። እኚያ እናት የንስሐ አባታቸው ፈቀዱላቸው፤ እኔም መድኃኒቱን ለወጥኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ይተኛሉ።

ታዲያ ረሃቡ ልክ ያጣበት ሰው ምን ያድርግ? ከሕክምና ክፍሌ የማስተምረውን ባጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አንድ ሳምንት ይመዝግብ። መቼ ራበው፣ ምን በላ፣ በልቶ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ ይመዘን። ሚዛን ከሌለ ቀበቶውን ይጠይቅ፤ ቀበቶ አይዋሽም። ውሃ ጥሙና የሌሊት ሽንቱ ከጨመረ፣ ወይም እየከሳ ከሆነ ግን ሳምንቱን አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ይመርመር። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅ አተነፋፈስ፣ መፍዘዝ ከታከለበት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ቀላል መሆኑን ይወቅ። ጣት ተወግቶ የሚወጣ አንድ ጠብታ ደም ብዙ ይናገራል። ሳይበሉ 126 እና ከዚያ በላይ ወይም ምልክት እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ ሐኪሙ በላብራቶሪ ያረጋግጠዋል። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ራሱን አያስርብ። ማስራብ የአንድ መቶ ዓመት አሮጌ ሕክምና ነው። ይልቅ ቶሎ የማይለቅ ምግብ ይምረጥ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ረሃብን ለአፍታ አታለው ይመልሱታል። ሰዓት ጠብቆ ይብላ፤ ይተኛ። ተደብቆ የሚበላ ካለ ደግሞ ገበታ ላይ አብሮን ይቀመጥ፤ ማንም ሳይቆጥርበት።

አራተኛው ለእኛ ለተመልካቾቹ ነው። ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ። «ምነው፣ ሰሞኑን ይርብሃል፤ ክብደትህስ እንዴት ነው? ውሃስ?» ሦስት ጥያቄ ናት። ዲግሪ አትፈልግም፤ ወዳጅነት ግን ትፈልጋለች።

ለዩኒቨርሲቲያችን አመራርና መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ስትቀበሉ የግቢውን ሕግ ታነቡለታላችሁ። አሥር ደቂቃ ጨምራችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ንገሩት። ለግቢው ክሊኒክ በየጊዜው የስኳር መለኪያና ስትሪፕ ማቅረብ ማኅበራችን የሚችለው ነገር ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በሚደረገው ውይይት አጀንዳ አድርጌ አቀርበዋለሁ። የምግብ ቤት እናቶችንም አትርሱ። ማን ሦስት ጊዜ እንደተሰለፈ ከሁላችን በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው።

ወደ ደጋሚው ልመለስ። በዚያ የካቲት ከሆስፒታል ወጣ፤ ፈተናው አልፎት ነበርና ዓመቱን መድገም ግድ ሆነበት። ስሙ ሦስተኛ ትርጉም አገኘ። በመስከረም ግቢ ሲገባ አንዱ ከሩቅ «ደጋሚው መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያም የጮኸው ራሱ ደነገጠ። ዶርሙ ፀጥ አለ። ሳቀና «አዎ፣ ዳዊትም ካፌም ዓመትም ደግሜያለሁ፤ መሞትን ብቻ አልደገምኩም» አለን። ክረምቱን በአባቱ ቤት ያሳለፈው መብራት በሌለበት አገር ነው። ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ እየቀበረ፣ ጠዋትና ማታ አሸዋውን እያራሰ። መርፌውን የሚወጉት አባቱ ነበሩ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በስመ አብ እያሉ።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። በመጨረሻ የጠየቅኩት ትናንት ማታ ነው፤ ይህን ንግግር አንብቤለት። «ተወው ባክህ፤ አንተ እኮ የታችኛውን አልጋ ሰጥተኸኛል። ንግግሩን ግን አሳጥረው፤ ሰው ይርበዋል» አለኝ።

ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የልጅ ልጅ አይቷል። ዛሬ ምሳ ላይ ከጎኑ ነበርኩ፤ ለካ፣ ተወጋ፣ በላ። አስተናጋጇ «ልጨምርልዎት?» ስትለው እጁን አነሣና «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አላት።